ድርጅቱ አደገ፤ ቋሚ ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። በአካባቢ ሳይንስ ተመርቄ በአንድ የውኃ ጥራት ላብራቶሪ ውስጥ በቋሚነት እሠራለሁ። ተማሪ እያለሁ ከአምስት ጓደኞቼ ጋር የወንዝ ዳርቻ የሚያጸዳና ችግኝ የሚተክል ቡድን መሥርተን ነበር። ዛሬ ሕጋዊ ድርጅት ሆኗል፤ ከመቶ በላይ በጎ ፈቃደኞችም አሉን። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙ ጋ ወርጄ የውኃ ናሙና እወስዳለሁ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። በቅርቡ አንድ ለጋሽ የሁለት ዓመት ፈንድ ሊሰጠን ተስማምቷል። በደመወዝ የሚሠራ አስተባባሪ እንድንቀጥርም ይፈልጋል። ጓደኞቼ ‹ካንቺ ሌላ ማን አለ?› ይሉኛል። ቤተሰቦቼ ደግሞ ‹የያዝሽውን ቋሚ ሥራ ጥለሽ የት ልትገቢ ነው?› ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ? ብለቅስ ሲቪዬ ላይ ጥሩ ይመስላል ወይስ ያበላሸዋል?»

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። የተማሪ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ መሥራቾቹ ሲመረቁ አብሮ ይበተናል። የእናንተ ያንን አልፎ ሕጋዊ ሆኗል። ቀላል ነገር አይደለም።

ደብዳቤሽ ላይ ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። ስለ ድርጅቱ ጽፈሻል፣ ስለ ፈንዱ ጽፈሻል። አስተባባሪ ስትሆኚ በየቀኑ ምን እንደምትሠሪ ግን አንድ መስመር የለም። እስቲ አንድ ሰኞ ጠዋት ልሳልልሽ።

ቅዳሜ ችግኝ ያጓጓዘው መኪና ሹፌር ደረሰኝ አልሰጠም። ለጋሹ ያለ ደረሰኝ አይቀበልም። ትደውያለሽ፣ ስልኩ አይነሳም። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ዓርብ መግባት አለበት፤ ፎቶዎቹ ያሉት ደግሞ ስልኩ የጠፋበት ልጅ ጋ ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ የትራንስፖርት አበሉ እንዳልደረሰው ሦስት ጊዜ ጽፎልሻል። የቦርድ ሰብሳቢው ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ስላልፈረሙ ባንኩ የፈራሚ ለውጡን አልቀበልም ብሏል። ወንዙ ጋ ናሙና የሚወስደው ሌላ ሰው ነው። አንቺ ጊዜ የለሽም።

ላስፈራራሽ ፈልጌ አይደለም። ይህን ሥራ ወደውት የሚሠሩ፣ ጎበዝ የሆኑበትም ሰዎች አውቃለሁ። ድርጅት ሲያድግ ግን መጀመሪያ የሚለወጠው የመሥራቹ ሥራ ነው። ስለዚህ ድርጅቱን መውደድሽን ሳይሆን ይህን ሰኞ መውደድሽን ነው ማወቅ ያለብሽ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ሌላው፣ «አድገናል» ስትሉ ምናችሁ እንዳደገ ለዩት። የሰው ብዛት፣ የገንዘብ መጠንና የሥራ ውጤት አብረው አያድጉም። የዓመት ምህረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስልሽ። ስዊድናዊቷ ተማሪ ግሬታ ተንበርግ በነሐሴ 2018 በ15 ዓመቷ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለመቃወም ስዊድን ፓርላማ ደጃፍ ብቻዋን ተቀመጠች። በመጋቢት 2019 በአንድ ቀን ብቻ በመላው ዓለም ከሚሊዮን በላይ ሰው አደባባይ ወጣ። ይህን የሚያህል ዕድገት ግን ያንን የሚያህል የደመወዝ መደብ አልፈጠረም። የንቅናቄ ዕድገትና የመሥሪያ ቤት ዕድገት የተለያዩ ናቸው።

የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል በ1991 ዳሬሰላም ላይ ከ12 ተማሪዎች ጋር የጀመረችው «ሩትስ ኤንድ ሹትስ» የተባለው የወጣቶች ፕሮግራም ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። እያንዳንዱ ቡድን የአካባቢውን ችግር አይቶ የራሱን ሥራ ይመርጣል። ስለዚህ ቡድን በተጨመረ ቁጥር ማዕከሉ በዚያው ልክ መስፋት የለበትም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የፓስፊክ ደሴቶች ተማሪዎች ነገር ነው። በ2019 በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ 27 የሕግ ተማሪዎች ተሰባሰቡ። ሐሳባቸው አንድ ብቻ ነበር፦ መንግሥታት በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ያለባቸውን ግዴታ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እንዲናገር ማድረግ። ለየደሴቶቹ መንግሥታት ደብዳቤ ጻፉ። ቫኑዋቱ ሐሳቡን ተቀበለችው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በመጋቢት 2023 ያለ ተቃውሞ ጥያቄውን ለፍርድ ቤቱ መራው። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 23 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ አስተያየቱን ሰጠ። ይህ ሁሉ የሆነው ቢሮ በማብዛት አይደለም። ሐሳቡን የመሸከም አቅም ላለው መንግሥት አስረክበው እነሱ መወትወታቸውን ቀጠሉ። «ፈንድ ካላገኘን አላደግንም» ብሎ የሚያስብ ጓደኛ ካለሽ ይህን ንገሪው።

ወደ አንቺ ጉዳይ እንመለስ። ገንዘቡን በአጭሩ ላንሳው። የሁለት ዓመት ፈንድ ማለት ቢበዛ የሁለት ዓመት ኮንትራት ማለት ነው። ፕሮፖዛል ተጽፎ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ ገንዘብ እስኪገባ ወራት ይሄዳሉ። ስለዚህ አስተባባሪው ቀጣዩን ፈንድ ማፈላለግ ያለበት ገና የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ ነው። በጀቱን አስመጪና በዓይንሽ እዪው። የአስተባባሪው ደመወዝ ሙሉ ነው ወይስ የግማሽ ጊዜ? ጡረታና የዓመት ፈቃድ ታስቧል? ሒሳብ የሚይዝ ሰው አለ ወይስ እሱም «አስተባባሪዋ ትሠራዋለች» ተብሏል? ለጋሾች ለቢሮ ወጪና ለአስተዳደር የሚፈቅዱት ትንሽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ለውጭ ፕሮጀክቶች በሚሰጠው ድጋፍ ላይ ቢበዛ ከቀጥተኛ ወጪው 7 በመቶ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በዚህ ወጪ ላይ ተደራድሮ የተስማማበት የራሱ ተመን ለሌለው ተቀባይ የሚፈቅደውን ከ10 ወደ 15 በመቶ ያሳደገው ገና በጥቅምት 2024 ነው። በዚህ ገንዘብ ላይ የማይሸፈነውን ሥራ ሁሉ የሚሸፍነው የአስተባባሪው ሌሊት ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጓደኝነታችሁ ነው። እስከ ዛሬ ስድስታችሁም እኩል ነበራችሁ። ሁላችሁም በነፃ። ከእንግዲህ አንዷ ትከፈላለች፣ አምስቱ በነፃ ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ላይ ማንም ምንም አይልም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ዝናብ ይጥላል፤ ለጽዳቱ ሰው ይጠፋል። አንቺ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ትቆጫለሽ። አንዱ «የሚከፈላት ትውጣ» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ይደረደራል። ቀልድ እንዳይመስልሽ። ያ ሰው ለወራት ሲያብሰለስለው የነበረውን ነው የተናገረው።

ይህን የሚከላከለው ፍቅር ሳይሆን አሠራር ነው። መደቡ በግልጽ ማስታወቂያ ይውጣ፤ ከውጭም ከውስጥም የፈለገ ይወዳደር። አንቺ የምትወዳደሪ ከሆነ የሥራ ዝርዝሩን ስታወጡ፣ ደመወዙ ሲወሰንና ፈተናው ሲሰጥ ከክፍሉ ውጪ። ብትመረጪ ከቦርዱ ትወጫለሽ፤ የራሱን ደመወዝ በራሱ ድምፅ የሚያጸድቅ ሰው ማንም አያምነውም። ቼክ ላይ ሁለት ፈራሚ ይኑር፤ ሁለተኛው የቅርብ ጓደኛሽ አይሁን። ለበጎ ፈቃደኞች ደግሞ ምን እንደሚከፈልና ምን እንደማይከፈል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሁሉም አሳውቁ፤ የትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ፣ የጓንትና የቦቲ ወጪ ከማንም ኪስ መውጣት የለበትም። ሰው በነፃ መሥራት አያስከፋውም። በነፃ እየሠራ ከኪሱ መጨመር ያስከፋዋል።

«ካንቺ ሌላ ማን አለ?» የምትለው ነገርም ደስ አላሰኘችኝም። ሙገሳ ትመስላለች እንጂ የድክመት ምልክት ናት። መቶ ሰው ያለው ድርጅት ከአንድ ሰው ሌላ የሚመራው ከሌለው ያደገው ቁጥሩ ብቻ ነው። በወጣቶች የሚመራ ድርጅት ከሆነ ደግሞ መሪዎቹ ዕድሜያቸው እየሄደ መውጣታቸው የታወቀ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ አከፋፈል ወጣት ማለት ከ15 እስከ 24 ነው። በዚህ ከሄድን አንቺ ካረጀሽ ሦስት ዓመትሽ! የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ግን እስከ 35 ይፈቅድልሻል፤ አይዞሽ። ለማንኛውም፣ የመሪነት ዘመን ስንት እንደሆነ መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ይጻፍ። ሁለት ዓመት፣ አንዴ መደገም የሚችል፣ በቂ ነው። ካልተጻፈ በአርባ ዓመቱም «ወጣቶቹን ወክዬ» የሚል ሰው ይመጣል፤ አይተናል።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ለአስተባባሪነቱ አትወዳደሪ። ምክንያቴን ራስሽ ጽፈሽልኛል። በደብዳቤሽ ውስጥ «እወደዋለሁ» ያልሽው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ናሙና መውሰድ። አስተባባሪነት መጀመሪያ የሚነጥቅሽ እሱን ነው።

እጅሽ ላይ ያለው ሙያ ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። አብዛኞቹ የሚቆጥሩት «ይህን ያህል ችግኝ ተከልን፣ ይህን ያህል ጆንያ ቆሻሻ ሰበሰብን» ብለው ነው። ውኃው ተሻለ ወይስ አልተሻለም የሚለውን የሚመልስ የላቸውም። አንቺ ትችያለሽ። ከሚጸዳው ቦታ በላይና በታች፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ የሟሟ ኦክስጅን፣ ድፍርስነት፣ ፒኤች (የአሲድነት መጠን) እና ኢ. ኮላይ (የሰገራ ብክለትን የሚጠቁም ባክቴሪያ) መለካት። ሰዓቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ላንቺ አልነግርሽም። ኦክስጅኑ ንጋት ላይ ይወርድና ፀሐይ ስትበረታ ይወጣል፤ ያንን የማያውቅ ሰው ንጋት ለክቶ፣ በኋላ ደግሞ ከሰዓት ለክቶ «ወንዙ ዳነ» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ለጋሹም ያጨበጭባል።

ስለዚህ ፈንዱ ውስጥ አንድ ተጨማሪ መደብ ይታሰብ፦ የክትትልና የመረጃ ኃላፊ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን። ላብራቶሪሽን በሳምንት የተወሰነ ሰዓት እንዲቀንሱልሽ ወይም ዓርብን ነፃ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ቅዳሜሽ አለ። ይህኛውም መደብ ቢሆን በማስታወቂያ ነው የሚወጣው፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ ለዚህም ይሠራል። ደግሞም ናሙናውን ላብራቶሪያችሁ የሚመረምረው ከሆነ ለሁለቱም ወገን በጽሑፍ አሳውቂ፤ የጥቅም ግጭት ሆኖ በኋላ እንዳይመጣብሽ።

ምናልባት ይህን ሁሉ አንብበሽ «የለም፣ እኔ ያን ሰኞ እፈልገዋለሁ» ካልሽ ደግሞ ግቢበት። መምራት ራሱ ሙያ ነው። ያኔ ግን መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ። የሚፈቅዱ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው የሚበዛው። ለጥቂት ወር የሚያኖርሽ ገንዘብም አስቀምጪ፤ የፈንድ ገንዘብ መዘግየት ልማዱ ነው።

ስለ ሲቪው፦ በጭራሽ አያበላሸውም፤ አጻጻፉ ነው የሚወስነው። «የወጣቶች የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መሥራች» የሚለው ብቻውን ለቀጣሪ ብዙ አይናገርም፤ መሥራች የሆነው ሰው ብዙ ነው። ቀጣሪ ዓይኑ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ስንት በጎ ፈቃደኞችን በናሙና አወሳሰድ አሠለጠንሽ? ከተተከለው ችግኝ ከዓመት በኋላ ስንቱ ቆሞ ተገኘ? ዝቅ ቢልም እውነተኛውን ጻፊው። የጸደቀውን ተመልሶ የቆጠረ ሰው ጥቂት ስለሆነ መቁጠርሽ ራሱ ያስመሰግንሻል። ናሙና የምትወስጂባቸውን ነጥቦች ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ካርታ ላይ አስቀምጪያቸው፣ የመስክ ቅጾቻችሁንም በስልክ መረጃ ወደሚሰበሰብበት ኮቦ ቱልቦክስ አዛውሯቸው። ኪውጂአይኤስ በነፃ ይገኛል፤ ኮቦም እንደ እናንተ ላሉ ድርጅቶች የነፃ አማራጭ አለው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች ማስታወቂያ ሲያወጡ ብዙ ጊዜ እነዚህን ነው የሚጠይቁት።

ቤተሰቦችሽን አትከራከሪያቸው። የኮንትራቱን ርዝመት፣ ደመወዙን፣ ሲያልቅ ምን እንደምታደርጊ በወረቀት አሳዪያቸው። የሚፈሩት ድርጅቱን ሳይሆን ያልታወቀውን ነው።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር ግን አለ። «ተስማምቷል» አልሽ እንጂ «ተፈረመ» አላልሽም። ውል ከመፈረሙ በፊት በጀት ላይ መደብ መጨመርና መቀነስ የአንድ ኢሜይል ጉዳይ ነው። ከተፈረመ በኋላ የለጋሹን የጽሑፍ ፈቃድ መጠበቅ ይመጣል። ስለዚህ የክትትል መደቡን በአንድ አንቀጽ ጽፈሽ፣ ከሁለቱ የመለኪያ ቦታዎች ጋር፣ በዚህ ሳምንት ለቦርዱ አስገቢ።