ለድሬዋ ጠያቂ፦ ካሴቱን ከማመንሽ በፊት የቴፑን ላስቲክ እዪ

እህቴ፣ ትናንት «አንድ ወጣት የድሬ ድምፃዊ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው፤ አጨዋወቱ ከማን ከማን እንደመጣ ወደኋላ መቁጠር ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ከሥሩ «አሊ ቢራ ነዋ! አለቀ» ብለው የመለሱልሽንም አየሁ። እኔም እንደነሱ ብዬ ነው የጀመርኩት። ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ይረዝምብሻል፣ ቻይኝ።

1. ልጁን «አርአያህ ማን ነው?» ብለሽ አትጠይቂው። «አሊ ቢራ» ይልሻል። ኡድ (የዓረቦቹን የክር መሣሪያ) የያዘ የድሬ ልጅ ሌላ ስም ቢጠራ ሰፈር ያኮርፈዋል። በተለይ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ ጊታር በወጉ የማይዘው ሁሉ የእሱ ደቀ መዝሙር ነኝ ባይ ሆኗል። ውሸት ነው አላልኩም። አክብሮት ነው፤ በአክብሮት ግን ዘር አይቆጠርም። ይልቅ «ቤታችሁ ቴፕ የነበረው ማን ጋ ነው? ሰርጋችሁ ላይ ማን ይጫወት ነበር?» በዪ። ደግሞ እሱን ሳይሆን እናቱን ጠይቂ። ለምን እንደሆነ ከታች ትደርሺበታለሽ።

2. አሊ ቢራን ብትጽፊም እሱ ላይ አትቁሚ፣ ከኋላው ሰው አለ። በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬ ውስጥ አፍረን ቀሎ የሚባል የሙዚቃ ቡድን ነበር። ስሙ የአራቱ የቀሎ ኦሮሞ ጎሳዎች ነው፦ አላ፣ ኦቦራ፣ ባቢሌ፣ ዳጋ። አሊ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ገባበት፤ «ቢራ» የሚለውም ስም የወጣለት እዚያ ከዘፈነው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። አዲስ አበባ ወጥቶ የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ እነዚያ ልጆች ዜማውን ከየት ቀዱት? ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ነው፤ ከተማዋን የወለዳትም እሱ ነው። ከጅቡቲ ጨርቅና ስኳር ሲጫን ኡዱም ሸክላውም አብሮ ይጫናል። ማታ ማታ የሱዳኑ የኦምዱርማን ሬዲዮ አለ፣ ከየመን የዓደን ዜማ አለ። የሶማሌ ኡድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው አብዱላሂ ቀርሼም ልጅነቱን ያሳለፈው ዓደን ነው። ስለዚህ አንድ የኡድ ምት ሰምተሽ «ይሄ የእነ እገሌ ነው» ብለሽ ጽፈሽ እንዳትለጥፊ። ኮሜንቱ ሥር ጦርነት ይነሳል፤ የሚጣሉት ደግሞ ሁሉም ከአንድ ጉድጓድ በቀዱት ውሃ ነው።

3. ካሴት። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

እኔ የተከተልኩት ልጅ (ስሙን አልጠራም፣ አሁን ሰርግ በሰርግ ሆኗል) ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ አለው። አንድ ቀን ቤታቸው ካሉት ካሴቶች አንዱን ሰጠኝ። ሽፋኑ ላይ የአሊ ቢራ ፎቶ፣ ጠርዙ ተልጦ። ቤቴ ወስጄ በአባቴ ቴፕ ከተትኩት። ኤ ገጽን «የማውቃቸው ዘፈኖች ናቸው» ብዬ ዘለልኩት። ይቺን ልብ በዪልኝ፤ ጥፋቴ በሙሉ እሷ ናት። ቢ ገጽ ላይ እልልታ አለ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አለ፣ ከበሮ አለ፣ ከመሃል ኡድና ወፍራም ድምፅ። ዘለልኩ! «ማንም ያልሰማው የመድረክ ቅጂ አገኘሁ!» ድምፁ አልመስል ሲለኝ ደግሞ «ወጣት ሳለ የቀዳው ይሆናል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ወጣትነት ድምፅ እንደሚያወፍር ማን እንዳስተማረኝ እግዜር ይወቀው።

በዚያ ላይ 14 ገጽ ጻፍኩ። 150 ኮፒ በ4,500 ብር አሳተምኩ፣ ያውም ከኪሴ። እዚሁ ድሬ ከዚራ ሰፈር አንድ አዳራሽ ተከራይቼ የኪነ ጥበብ ምሽት አዘጋጀሁ። «ይህ ወፍራም ድምፅ እንዴት ከአሊ ወደዚህ ልጅ እንደተሻገረ ስሙ» ብዬ ማይኩን ቴፑ ላይ ደቀንኩ። ፊት ወንበር ላይ ከሐረር ደንገጎን ወርደው የመጡ አንድ የድሮ ኡድ ተጫዋች፣ ሐጂ፣ ተቀምጠዋል። ጥያቄ ሲባል እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ባትሪው አዲስ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ «ኧረ በመብራት ነው የሚሠራው» ብዬ መለስኩ፣ ነገሩ ሳይገባኝ! እሳቸው ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው ከሳቁ በለጠብኝ።

በሳምንቱ ሐረር ጀጎል ድረስ ቤታቸው ሄድኩ። ነደባው ላይ አስቀመጡኝ፣ ሆጃ አስቀረቡልኝ፣ ካሴቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። የፋብሪካ ካሴት ጀርባው ላይ ሁለት ክፍት ቀዳዳ አለው፤ እንዳይቀዳበት ነው። የእኔው አንደኛው ቀዳዳ ተደፍኗል። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሲፈለቅቁት ተጠቅልሎ የተወተፈ የሲጋራ ብር ወረቀት ወጣ። ድሮ ባዶ ካሴት ሲጠፋ ሰዉ እንዲህ እየደፈነ ላዩ ላይ ይቀዳ ነበር። ሦስት ወር በእጄ ሳገላብጠው ከርሜ አላየሁትም።

ከዚያ በራሳቸው ቴፕ አጫወቱት። ወፍራሙ ድምፅ የለም! ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ ሊሰበር የደረሰ ድምፅ። የአባቴ ቴፕ ካሴቱን የሚያዞረው ላስቲክ ላልቶ ይጎትት ነበር ለካ። የባትሪው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ባትሪ ሲደክምም ቴፕ እንዲሁ ይጎትታል። ኋላ ባዶ የ60 ደቂቃ ካሴት ገዝቼ ለካሁት፦ አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ መፍጀት ሲገባው በእኔ ቴፕ 34 ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው መሄድ ያለበት፤ ከዚያ ላይ ከመቶ 6 ያህል ከቀነሰ ድምፁ በግማሽ ቶን ይወርዳል፣ 11 ከቀነሰ በሙሉ ቶን። እኔ «የደረት ድምፅ» እያልኩ ያሞገስኩት የላላ ላስቲክ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ካሴት ከመስማትሽ በፊት ድምፁን ጠንቅቀሽ የምታውቂውን ዘፈን በዚያው ቴፕ አጫውቺ። ኤ ገጽን ሁለት ደቂቃ ብሰማ ኖሮ መጎተቱን እነቃበት ነበር። ቅጂው ውስጥ አኮርዲዮን ካለ ደግሞ ታድለሻል፣ አኮርዲዮን እንደ ኡድ በጆሮ አይቃኝም። ከኪቦርድ ጋር አስተያዪው፣ ድምፁ በሁለት ቁልፎች መሃል ከወደቀ ቴፑ እያታለለሽ ነው።

4. ቢሮ። ብዙ አልልም፣ ደሜ ይፈላል። የድሮ ሪል (ትልቁ የድምፅ መቅጃ ክር) አለበት የተባለ አንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ደብዳቤ አምጣ፤ አመጣሁ። ደብዳቤው ማኅተሙ ደብዝዟል፤ አስደመቅኩ። ቁልፉ ያለው ሰው ስብሰባ ነው። በስድስተኛው ቀን አንዷ «አንተ ግን ሥራ የለህም?» አለችኝ። አንቺም እንዳትለፊ። ይልቅ ሐረር የሸሪፍ ሙዚየም ሂጂ፤ ሰዉ የሚያውቀው በብራና መጻሕፍቱ ነው፣ የተቀዳ የሐረሪ ዘፈንም ግን ተሰብስቦበታል።

5. አጃቢውን ከድምፃዊው ለይተሽ... ቆይ፣ የሐጂን ነገር ሳልጨርስ።

«ታዲያ ሐጂ፣ አሊ ካልሆነ ማነው?» አልኳቸው። «አፉን ተወው፣ ቀኝ እጁን ስማ» አሉ። ሪሻው፣ ማለት መምቻው፣ ክሩ ላይ የሚያርፍበትን መንገድ በጉልበታቸው ላይ በጣታቸው እየመቱ አሳዩኝ። «ይሄ የባቡሩ ሠራተኛ ነው። ድሬና ጅቡቲ ይመላለስ ነበር። ኡድ ያስያዙት ድሬ መጋላ ሰፈር ሱቅ የነበራቸው የመናዊ ናቸው፣ እጁ የዓደን እጅ ነው። ጉሮሮው ግን የጥላሁን ገሠሠ ነው፤ ክቡር ዘበኛ በሬዲዮ ሲመጣ ሬዲዮኑን አቅፎ ነበር የሚሰማው።»

ድሬ ተመልሼ በቀጥታ የልጁ እናት ጋ ሄድኩ። «እትዬ፣ በዘመድዎ ውስጥ ኡድ የሚጫወት የባቡር ሠራተኛ ነበር?»

«አጎቴ ነዋ! ይሄ ልጅ እኮ በአምስት ዓመቱ ኡዱን ሰብሮበት ተገርፏል። ሦስት ወር ሙሉ ቤቴ ስትመላለስ ምነው አልጠየቅከኝ?»

ሦስት ወር ሙሉ ሻይ ስታቀርብልኝ የነበረችው ሴትዮ ናት እንግዲህ።

የልጁ መስመር እንዲህ ነው የወጣው፦ ቀኝ እጁ ከአያት አጎቱ፣ የአጎትየው ከመጋላው ባለሱቅ። አዘፋፈኑ በአጎቱ በኩል ከጥላሁን። ወፍራም ድምፁ ከማንም አይደለም፣ አባቱ እንደዚያ ነው የሚያወራው። አሊ ቢራስ? አሊና አጎትየው አንድ ከተማ፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ባቡር ነው የነበራቸው። ልጁ አሊን የሚመስለው የአሊ ዘመን ሰው እጅ ላይ ስላደገ ነው። በትክክል ብትይው ለአሊ ልጁ ሳይሆን የጎረቤት ልጅ ነው የሚሆነው። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ይህንን በጽሑፍ ያስቀመጠ ከእኔ በፊት የለም፤ ጉራ አይደለም፣ እሺ ትንሽ ጉራ ነው።

ወደ 5 ስመለስ፦ አንቺ የምትጽፊበትን ድምፃዊ የአዲስ አበባ ባንድ ያጀበው ከሆነ ጥሩምባውንና ሳክስፎኑን በሌላ መስመር ቁጠሪ። እሱ ከድሬ አይነሳም፤ በ1916 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወዳመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና ወደ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይወስድሻል። እኔ ሁለቱን አደባልቄ «የድሬ ድምፅ» ብዬ 3 ገጽ አባክኛለሁ።

ከ150ው ኮፒ 130ው አልጋዬ ሥር ነው። ከፈለግሽ አንዱን እሰጥሻለሁ፣ የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ አርሜበታለሁ። ቴፑንም አውስሻለሁ፣ አሸዋ ገበያ አጠገብ በ80 ብር ላስቲኩን አስቀይሬዋለሁ። ካሴቱን ግን እናትየው ወስዳዋለች፤ ልትሰሚው ከፈለግሽ ሻይ ጠጥተሽ፣ እሷ ፊት ነው የምትሰሚው።