ጌሙን አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ ለምትሉኝ

ባሕር ዳር ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ስጠግን ነው ያረጀሁት። ሰሞኑን አንድ ልጅ ጆይስቲክ ሊያሠራ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ አዲሱን የኳስ ጌም፣ ኢኤ ኤፍሲን፣ አሁን ልግዛው ወይስ ቅናሽ ልጠብቅ?" አለኝ። "ጠብቅ" አልኩትና ሄደ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ገበያው አካባቢ የምናዘወትራት ጌም ቤት ነበረች። የቆርቆሮ ቤት፣ በሯ ላይ መጋረጃ፣ ውስጧ ሙቀት። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለውን የኳስ ጌም እንጫወታለን፣ ተሸናፊ ይከፍላል። ዲስኩ ሲያስቸግር ወንድሜ ያወጣውና እፍ ይልበታል። ከዚያ በሸሚዙ ጫፍ ከመሃል ወደ ዳር ይጠርገዋል። ዙሪያውን እያሸ የሚጠርግ ሰው ካየ ይቆጣል። ልክም ነበር፤ ዙሪያውን የሄደ ጭረት ነው ለማንበብ የሚያስቸግረው። እሱ የሚይዘው ጆይስቲክ ላስቲኩ በአውራ ጣቱ ተልጦ አልቋል፣ ግን ሌላ አይነካም። መብራት ሲሄድ እየመራ የነበረው ይጮሃል፣ እየተመራ የነበረው ተመስገን ይላል። ሂሳቡን ማን ይክፈል እየተባባልን ጣና ዳር እንደርሳለን።

"የራሳችንን ለምን አንገዛም?" ይለኝ ነበር። ደሞዝ ያለኝ እኔ ነኝ። ከመርካቶ የሚያመጣ ነጋዴም እናውቃለን። "ቆይ፣ ይወርዳል" እለዋለሁ። እንዳልኩትም ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ የፕሌይስቴሽን 2 ዋጋ ወረደ። ያኔ እሱ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሄዷል። ገዛሁትና ከማሽኑ ጋር ተጫወትኩ። ማሽን ሲሸነፍ አይናደድ፣ ምኑ ደስ ይላል?

ለብቻ የሚጫወቱት ጌም ከሆነ ግን ጠብቁ፣ አልከራከርም። ሳይበርፐንክ 2077 በታኅሣሥ 2013 ሲወጣ ችግሩ ከመብዛቱ የተነሳ ሶኒ በቀናት ውስጥ ከፕሌይስቴሽን መደብሩ አነሳው። የመለሰው በሰኔ ነው። የታገሠ ሰው የተስተካከለውን በቅናሽ አገኘ። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሌላው ሲጫወት ዩቲዩብ ላይ ሰዓታት ታያላችሁ። ይሄ ነገር እስካሁን አልገባኝም፣ ግን ከመግዛት በፊት ለማጣራት ይጠቅማል።

የኳሱ ጌም ብዙውን ጊዜ መስከረም ላይ ይወጣል፣ ኅዳር ላይ ቅናሽ አያጣም። ሁለት ወር ምን አላት ትላላችሁ። ታዲያ ቅናሹ በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የ70 ዶላር ጌም 4,000 ብር አካባቢ የነበረው 7,000 ሆነ። ግማሽ ዋጋ እስኪሆን የጠበቀ ሰው 3,500 ከፈለ፤ ያ ሁሉ ትዕግሥት ለ500 ብር!

ስለዚህ ያ ልጅ ጆይስቲኩን ሊወስድ ሲመጣ የምጠይቀው ከማን ጋር እንደሚጫወት ነው። ወንድሙ ወይም ጓደኛው ዘንድሮ የሚሄድ ከሆነ አሁኑኑ ይግዛ። ብር ካጠረው ደግሞ ያኔ በየጨዋታው የምንከፍልበት ዊኒንግ ኢለቨን ዛሬ ኢፉትቦል ተብሎ በነፃ ይወርዳል። እኔም ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ። ወንድሜ ውጭ አገር ሆኖ ከእኔ ጋር ይጫወታል፤ ሲሸነፍ "የእናንተ ኔትወርክ ነው" ይላል።