የባህር ሰርጓጅ መጫወቻ ለምን ወረቀት ላይ ይቀራል?

ወንድሜ፣ ለመዝናኛ ፓርክ ሰው የሚሳፈርበት የባህር ሰርጓጅ መጫወቻ ነድፌያለሁ፣ ያየው ሁሉ ይወደዋል፣ ፓርኮች ግን ለምን እንዲህ ያለ ነገር አይሠሩም ብለህ ጠይቀሃል። የውሃ መጫወቻ ጥገና ላይ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ። ሀሳቡ ችግር የለበትም። ጉዱ ያለው ውሃው ላይ ነው።

በ1959 ካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ የተከፈተውን እይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሰርጓጆቹ እኮ አይጠልቁም! ሃዲድ ላይ ነው የሚሄዱት፤ ተሳፋሪው ከውሃው ወለል ዝቅ ብሎ ይቀመጥና፣ መስኮቱ ውጭ አረፋ ሲለቀቅ የጠለቀ ይመስለዋል። አንዱ መጀመሪያ 38 ሰው ይይዝ ነበር፤ ግን ሁሉም በጠባብ ደረጃ ተራ በተራ ወርዶ፣ ሲያልቅ ደግሞ ተራ በተራ ይወጣል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወይም ሕፃን የታቀፈች እናት ስትመጣ ከኋላ ያሉት ሰርጓጆች ቆመው ይጠብቃሉ። ሰልፉ የሚረዝመው እዚህ ጋ ነው።

ጥገናውማ አይነሳ። የፍሎሪዳው ዲዝኒ ወርልድ መጫወቻ 12 ሰርጓጆችና ከ43 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ነበረው፤ በ1971 ተከፍቶ በ1994 ተዘጋ። ያን ሁሉ ውሃ ካላጣራኸው ከመስኮቱ ውጭ ምንም አይታይም፣ ክሎሪን ስትጨምርበት ደግሞ የአሻንጉሊት ዓሣዎቹን ቀለም ይበላዋል። ደረቅ ቤት ውስጥ በአምስት ደቂቃ የሚስተካከል መብራት፣ እዚያ ጠላቂ ዋናተኛ ካልገባ አይነካም።

ሳይሠሩ የቀሩትም ቀላል አልነበሩም። የዲዝኒ መጫወቻ ነዳፊ የሆነው ቶኒ ባክስተር በ1970ዎቹ ለዲዝኒላንድ የነደፈው ‹ዲስከቨሪ ቤይ› የሚባል ሰፈር የጁል ቬርን ልቦለድ ውስጥ ያለውን የካፒቴን ኒሞን ሰርጓጅ፣ ናውቲለስን፣ ይዞ ነበር፤ ሳይገነባ ቀረ። የካሊፎርኒያው መጫወቻ በ1998 ሲዘጋ ደግሞ ባህር ውስጥ ሰጠመች በምትባለው የአትላንቲስ ታሪክ ሊመልሱት አስበው ነበር፣ በ2001 የወጣው የአትላንቲስ ፊልም ሳይሳካለት ሲቀር ሀሳቡም አብሮ ሞተ። በኋላ በ2007 ያዳነው ካፒቴኑ ሳይሆን ‹ፋይንዲንግ ኒሞ› የሚባለው የካርቱን ፊልም ዓሣ፣ ኒሞ፣ ነው፤ ያኔ የናፍጣ ሞተሩን አውጥተው በኤሌክትሪክ ተኩት፣ ደረጃ መውረድ ለማይችል ሰውም ጉዞውን የሚያይበት ክፍል ለብቻ አዘጋጁ።

ለእኔ ግን ብልጦቹ የቶኪዮ ዲዝኒሲ ሰዎች ናቸው። በ2001 የከፈቱት ደረቅ ነው! መስኮቱን ድርብ አድርገው በሁለቱ መስታወት መሀል ውሃና አረፋ ይለቁበታል፣ ተሳፋሪው ባህር ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ውጭ ያለው አሻንጉሊት ሁሉ ደረቅ ነው፣ ጠጋኙም በጫማው ይገባል።

ስለዚህ ንድፍህን በደረቅ መንገድ ደግመህ አስበው። በሰዓት ስንት ሰው እንደሚያሳፍር፣ በዊልቸር የመጣ ሰው በየት እንደሚገባ ጨምርበት፤ ፓርኮች ከሚያስደንቀው ትርኢት በፊት የሚጠይቁህ እሱን ነው። የመሳፈሪያውን ሥዕል ካለህ እዚሁ ለጥፈው፣ እናየዋለን።