ማርሹ የቱ ጋ ይቀየር? ከአዳማ አሰላ ለሚመላለሰው ወንድሜ

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂው ቶዮታ ያሪስ ይነዳል፤ ሞተሩ 1.3 ሊትር፣ ማርሹ ማንዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ ጭኖ አሰላ ይወጣል። "ከኢተያ በኋላ የጫነ መኪና ፊቴ ከገባ ደርቦ ማለፍ ጭንቅ ነው። ነዳጁን እስከ መጨረሻው እረግጣለሁ፣ መኪናው ግን አይነሳልኝም" ይላል። አንድ ጓደኛው "ሞተር አታስጩህ፣ 3,000 ላይ ቀይር" ብሎታል፤ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ "የመኪናህ ቶርክ የሚበዛው 4,400 ላይ ነው፣ እዚያ ስትደርስ ቀይር" አለው፤ ቶርክ ማለት ሞተሩ የሚያዞርበት ጉልበት ነው። የቱን ልስማ ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ለፍጥነት ከሆነ ሁለቱንም አትስማ። 3,000 ላይ መቀየር ለነዳጅ ቁጠባ ጥሩ ነው። ከተማ ውስጥ እኔም እንደዚያ ነው የምነዳው። ቶሎ ለመፈትለክ ግን አይሆንም። የ4,400ው ምክር ደግሞ እውነት ይመስላል፤ ብዙ ሹፌር፣ አንዳንዴም መካኒክ፣ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መኪናውን የሚገፋው ሞተሩ ላይ ያለው ቶርክ አይደለም። ጎማው ጋ የደረሰው ነው። በመሃል ካምቢዮ፣ ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን፣ አለ። ካምቢዮው የሞተሩን ቶርክ ያባዛዋል። አንደኛ ማርሽ አብዝቶ፣ ሁለተኛ ቀነስ አድርጎ፣ ሦስተኛ ከዚያም ባነሰ። ጎማ ስትፈታ ዳዶው እምቢ ካለህ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ትሰካለህ አይደል? ክንድህ ያው ነው፤ ዳዶው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ግን ጨመረ። አንደኛ ማርሽ ረጅሙ ቧንቧ ነው። ማርሽ በጨመርክ ቁጥር ቧንቧውን ታሳጥረዋለህ። ስለዚህ ጥያቄው "ሞተሩ የቱ ጋ ይጠነክራል?" አይደለም። "አሁን ባለሁበት ፍጥነት የትኛው ማርሽ ጎማውን አብልጦ ይገፋል?" ነው።

በራስህ መኪና እናስላው። 1.3ቱ ያሪስ 4,400 አርፒኤም (ዙር በደቂቃ) ላይ 122 ኒውተን ሜትር ገደማ ቶርክ አለው። 86 የፈረስ ጉልበቱን የሚያወጣው ግን 6,000 ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ ቶርኩ ቀንሶ ወደ 100 ወርዷል። ትናንሽ ማንዋል ቶዮታዎች ላይ በብዛት የምናገኘው ካምቢዮ የሁለተኛ ማርሹ ማባዣ 1.904፣ የሦስተኛው 1.310 ነው።

እንግዲህ በሁለተኛ እየሄድክ 4,400 ላይ ደረስክ እንበል። 122 በ1.904 ሲባዛ 232 ነው። እዚያው ሦስተኛ ብታስገባ ሞተሩ ወደ 3,000 ይወርዳል። ቶርኩም ትንሽ ይቀንሳል፣ ማባዣውም አነሰ። ከካምቢዮው የሚወጣው 150 አካባቢ ይሆናል። ከ232 ወደ 150! ከሲሶው በላይ የሆነ ጉልበት በገዛ እጅህ ጣልክ።

አሁን ደግሞ ሳትቀይር እስከ 6,000 ጎትተው። 100 በ1.904፣ 190 ነው። እዚህ ላይ ሦስተኛ ብታስገባ ሞተሩ 4,100 ላይ ያርፋል። ቶርኩ ወደ ጫፉ ተመለሰ ማለት ነው፤ ሆኖም 121 በ1.310 ሲባዛ 159 አይሞላም። ሞተሩ ደክሞትም ቢሆን ሁለተኛ ማርሽ ይበልጣል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲሆን ልዩነቱ ይብሳል፤ ማርሾቹ ስለሚራራቁ ከ6,000 ወደ 3,200 ነው የሚወድቀው። ወደ ላይኞቹ ማርሾች ስትሄድ ውድቀቱ ያንሳል። እነሱም ቢሆኑ ግን ከ6,000 በፊት የሚቀየሩበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ያንተ መልስ ይኸው፦ ከ6,000 ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አርፒኤም መለኪያው ላይ ያለው ቀዩ መስመር ጋ ሳትደርስ። ቀዩ ውስጥ አትግባ። እዚያ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቆርጥና መኪናው ይንተፋተፋል፤ ያተረፍከውን ሁሉ መልሶ ይወስድብሃል።

ይህ ሁሉ ግን የዳገቱን ችግርህን በግማሽ ነው የሚፈታው። ጥያቄህን ደጋግሜ ሳነበው የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነው። አንተ ለመደረብ ስትወጣ አራተኛ ላይ ነህ። የጫነው መኪና በ50 ይሄዳል፣ አንተም ከኋላው በአራተኛ ትከተላለህ፣ ከፊት ክፍት ስታይ እዚያው ማርሽ ላይ ሆነህ ትረግጣለህ። በ50 አራተኛ ላይ ሞተሩ 2,000 እንኳ ላይሞላ ይችላል። የአራተኛ ማባዣ ወደ 1 ገደማ ነው። ከዚህ የሚገኘውን ትንሽ ጉልበት አብዛኛውን ዳገቱ ይበላዋል፤ ቤተሰብ ስትጭን ደግሞ ለማፍጠኛ የሚተርፍህ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። በዚያው 50 ላይ ሁለተኛ ብትሆን ሞተሩ 3,500 አካባቢ ይዞራል። ጎማው የሚያገኘው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ዳገቱ የሚወስደው ግን ያው የድሮው ነው።

ብዙ ሰው ሁለተኛ ማርሽ ከ40 በላይ የማይሄድ ይመስለዋል። ያንተ መኪና በሁለተኛ 80 ድረስ ይሄዳል።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። ከኋላው ተለጥፈህ አትከተል፤ ራቅ ብለህ መንገዱን እይ። ከፊት ክፍት መሆኑን ስታረጋግጥ፣ ገና በራስህ መስመር ላይ እያለህ፣ ሁለተኛ አስገባ። ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ነዳጅ ትንሽ ስጠው፣ እንዳያንገጫግጭህ። ፍሬቻ አሳይተህ ውጣ፣ ርገጥ፣ አትቀይር። ጎኑ ላይ ሆነህ ማርሽ መቀየር ባልሆነ ቦታ ጉልበት ማቋረጥ ነው። አልፈኸው መስመርህ ከገባህ በኋላ ሦስተኛ አድርግ። ኩርባ ላይ፣ የዳገት አናት ላይ፣ ያልተቆራረጠ መስመር ባለበት ግን የትኛውም ማርሽ አያድንህም፤ ቅዳሜ ለምሳ አርፍዶ መድረስ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። ወደ ታች ስትቀይር እጅህን አታጣድፈው። በ110 እየሄድክ አራተኛ ያስገባህ መስሎህ ሁለተኛ ብትከት ሞተሩ ከ7,000 በላይ ይወረወራል። ኮምፒውተሩ ነዳጅ መቁረጥ ይችላል፤ ያኔ ሞተሩን የሚያዞረው ግን ጎማው ስለሆነ የሚያቆመው የለም። ቫልቭና ፒስተን የሚጋጩት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅም 6,000 አታስነካው። ዘይቱ ደርሶ እስኪያለሰልሰው አስር ደቂቃ ታገሰው።

ይህ ቁጥር ለሁሉም መኪና አይሠራም። ናፍጣ ከሆነ ሌላ ነው። ዶልፊንም በለው አይሱዙ፣ ናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው ከታች ነው፤ 4,000 አካባቢ ወይም ከዚያ በፊት ይጨርሳል። እሱን ማስጮህ ነዳጅና ጭስ ነው ትርፉ። ካርቡራቶር ያለው የድሮ ኮሮላም ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ 5,500 አካባቢ ይበቃዋል። አውቶማቲክ ከሆነ እስከ መጨረሻው ስትረግጠው ራሱ ማርሽ ይቀንስልሃል። የኤሌክትሪኮቹ ደግሞ አብዛኞቹ የሚቀየር ማርሽ የላቸውም፤ ጉልበታቸው ከመነሻው ሙሉ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ መንገዱ ላይ እየበዙ ነው፤ ከመብራት ሲነሱ ጥለውህ ቢሄዱ አትገረም።

ከፍታውንም አስብበት። 86 የፈረስ ጉልበት የሚለው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዳማ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቱርቦ የሌለው ሞተር ስድስተኛውን ያህል ያጣል፤ አሰላ ስትደርስ ወደ ሩቡ ይጠጋል። በ86 ፈንታ 72 ያህል ይዘህ ተነስተህ በ65 ገደማ ትደርሳለህ ማለት ነው። የመቀየሪያው ቦታ ግን አይለወጥም፤ አየሩ ሲሳሳ የታችኛውም የላይኛውም ዙር አብሮ ነው የሚደክመው።

ቁጥሬን አትመን፣ ሞክረው። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ ዳገት አጠገብህ የተቀመጠው ሰው በስልኩ ሰዓት ይያዝልህ። ከ40 እስከ 80 አንዴ በሁለተኛ ብቻ ውጣ። ሌላ ጊዜ 3,500 ላይ ሦስተኛ አስገባና ድገመው። ልዩነቱን ወንበሩ ላይ ሆነህ ታውቀዋለህ።

ልዩነት ካጣህ ችግሩ ማርሽ አይደለም። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጣው። የአዳማን አቧራ ታውቀዋለህ፤ ፋብሪካው ያለው ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይደፈናል። ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን ፈትሽ። ዳገት ላይ በሦስተኛ እስከ መጨረሻው ርገጥና ሁለቱንም መርፌ እይ። የአርፒኤሙ እየዘለለ የፍጥነቱ ባለበት ከቆመ የፍሪሲዮኑ ሸራ ተበልቷል። ጠንከር ያለ የተቃጠለ ሽታም ይመጣልሃል። እንዲህ ከሆነ ሸራው እስኪቀየር ድረስ በአሰላ መንገድ ለመደረብ አትሞክር።