«ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ለተባለችው እህቴ

ባንክ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ። የማሊክ አምባርን ሥዕል ካየሽ ወዲህ ግን ሥራው አልዋጥልሽ ብሏል። ከአገራችን በባርነት ተሽጦ ሄዶ፣ በደካን፣ ማለትም በደቡብ ሕንድ ደጋ፣ የአህመድናጋር ሱልጣኔትን ጦር እስከ መምራት የደረሰው ሰው ነው። ሕንድ ሄደሽ የሥነ ጥበብ ታሪክ መማር አምሮሻል፤ አባትሽ እምቢ ብለዋል። 27 ዓመት ሞልቶኛል ማለትሽ ምንም ማለት አይደለም። ደካማ ነው ያልሽው እንግሊዝኛም በንባብ ይስተካከላል።

ያናደደኝ «ሐበሻ ስለሆንኩ ከማንም በላይ ይገባኛል» ያልሽው ነው። አይገባሽም! ሠዓሊው አቡል ሐሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1616 ገደማ የሣለውን ተመልከቺ። ሰሜን ሕንድን ይገዛ የነበረው፣ የአምባር ጠላት የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር የምድር ሉል ላይ ቆሞ፣ ጦር ላይ የተሰካውን የማሊክ አምባርን ጭንቅላት በቀስት ይወጋል። ጭንቅላቱ ላይ ጉጉት ተቀምጣለች። ነገሩ ግን ምኞት ነው፤ ጃሃንጊር ሰውዬውን ከቶ አልገደለውም። አምባር እስከ 1626 ኖሮ፣ አርጅቶ ነው የሞተው። ሌላው የሙጋል ሠዓሊ ሃሺም ደግሞ ይህንኑ ጠላት ነጭ አልብሶ፣ ፊቱ በጎን እንዲታይ አቁሞ፣ ባለ ግርማ አድርጎ ሣለው። አንዱ ቤተ መንግሥት እንዲህም እንዲያም ያሣለው ለምንድን ነው? ይህን ደም አይመልሰውም። የመጀመሪያው ሥዕል ላይ የተጻፈው ፋርስኛ ነው፤ ያንን ካላነበብሽ ከጎብኚ አትለዪም። ስለዚህ ፋርስኛ ዛሬ ጀምሪ፤ ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ።

ስለ አባትሽ በግልጽ ልናገር። ገንዘቡን መፍራታቸው ልክ ነው፤ ይህ ሙያ ቶሎ አያበላም። ግን የደመወዝሽን ግማሽ የሚወስደው ወንድምሽ ራሱ ሥራ አለው ብለሽኛል። ታዲያ ምን ሆኖ ነው የምትቀልቢው? አባትሽን ያስፈራቸው ያንቺ ረሃብ ሳይሆን የወሩ ብር መቅረቱ ይመስለኛል። መጀመሪያ ለወንድምሽ መስጠቱን አቁሚ፤ ቁጣቸው ያልፋል።

ከዚያ የሕንድ መንግሥት በባህል ግንኙነት ምክር ቤቱ በኩል ለአፍሪካውያን የሚሰጠውን ነፃ የትምህርት ዕድል ተከታተዪ። በምዕራብ ሕንድ ባሮዳ ከተማ ያለው የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ያስተምራል። ስትመለሺ መምህርነት ብቻ አትመኚ። የቅርስ ምዝገባ አለ፦ ቁጥር መስጠት፣ መለካት፣ የቀለሙን መላጥ መጻፍ፣ ከማን እንደተገዛ ማጣራት። እኔ በዚያ የምዝገባ ካርድ ሥራ ነው ልጆች ያሳደግኩት፣ ላደላለት እችላለሁ። ሒሳብ የለመደ ሰው ግን ይፈለጋል።

የባንኩን መልቀቂያ ቪዛው ፓስፖርትሽ ላይ ሳይመታ እንዳታስገቢ።