ጎርፉን ሐይቁ መሃል አትፈልጉት

ጥያቄ፦ የከተማችን የመጠጥ ውሃ የሚሳበው ከሐይቅ ነው። በየወሩ ከሐይቁ መሃል ናሙና እንወስዳለን፤ ውጤቱ ሁሌም ደህና ነው። ዝናብ ሲጥል ግን ውሃው ይደፈርሳል፣ ማጣሪያ ጣቢያው ኬሚካል ይጨምራል፣ ሰንበት ሲል ደግሞ አልጌ ይመጣል። በጀታችን ትንሽ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ የወሩን ናሙና አትተዉት፤ ሐይቁ ከዓመት ዓመት ወዴት እያመራ እንደሆነ ያሳያል። ለጎርፍ ግን አይሆንም። ጎርፍ የናሙና ቀናችሁን ጠብቆ አይመጣም። ሐይቁ መሃል እስኪደርስም ከባዱ ደለል ሰምጧል፣ የቀረው ቀጥኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

ናሙናው መወሰድ ያለበት ጎርፉን የሚያወርደው ቦይ ሐይቁ ውስጥ ከሚገባበት አፍ ላይ ነው፤ ያውም ዝናቡ እንደጀመረ። አስፋልት ላይ የከረመው ዘይት፣ የጎማ ብናኝና የእንስሳት ኩስ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ከመጀመሪያው ጎርፍ ጋር ነው። ቦዩ መሙላት ሲጀምር አንድ ጠርሙስ ያዙ። ከዚያ በየ10 ደቂቃው እስከ ግማሽ ሰዓት፣ ሰዓት ሲሞላም አንድ። ቦዩ ረጅም ከሆነ ቆሻሻው ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል ቆይታችሁን አስረዝሙት።

ጠርሙሱን ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ እሰሩት። ጎርፍ ውስጥ መግባት የለም! አፉ ውሃው ወደሚመጣበት ይዙር። ወለሉን ከጫረ የምትለኩት የቦዩን አሸዋ ነው። የባክቴሪያው ጠርሙስ ለብቻው ነው፤ ላብራቶሪ ያዘጋጀው ንጹሕ ጠርሙስ ይሁን፣ በቦዩ ውሃ አታለቅልቁት። በረዶ ባለበት ሳጥን ተይዞ በ6 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ።

ብዙዎች የሚዘሉት ነገር የውሃውን መጠን መለካት ነው። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ቦይ ምረጡ፣ ተንሳፋፊ እንጨት ጣሉና በስልክ ሰዓት ያዙ፤ 10 ሜትሩን በፈጀው ሰከንድ ስታካፍሉ ፍጥነቱን ታገኛላችሁ። ላይ ላይ ያለው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ፍጥነቱን በ0.85 አባዙ። ከዚያ በውሃው ስፋትና ጥልቀት አባዙት። ግምት ነው፣ ግን ያሠራል።

ለምን ይጠቅማል? አንዱ ቦይ በሊትር 800 ሚሊግራም ደለል ይዞ በሰከንድ 20 ሊትር ያወርዳል እንበል። በሰዓት 58 ኪሎ ገደማ ነው። ሌላው በሊትር 200 ሚሊግራም ብቻ ይዟል፣ ግን በሰከንድ 500 ሊትር ያወርዳል። ይኼኛው በሰዓት 360 ኪሎ ነው። ዓይን የሚሮጠው ወደ መጀመሪያው ነው፤ በጀቱ መሄድ ያለበት ግን ወደ ሁለተኛው ነው።

ሌላ ርካሽ ሥራ አለ፣ እኔ ከሁሉም በፊት የማስቀድመው እሱን ነው። ለ3 ቀን ዝናብ ሳይጥል ቆይቶ ቦዮቹን ዙሩ። ደረቅ መሆን የነበረበት ቱቦ ውሃ ካፈሰሰ ጠርጥሩ። አሞኒያ፣ የሳሙና ቅሪትና ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) አስመርምሩ። ሦስቱም ከፍ ካሉ አንድ ቦታ የመጸዳጃ ቤት መስመር ከጎርፍ ቱቦ ጋር ተገናኝቷል ማለት ይቻላል። ክሎሪን ብቻ ከተገኘ ግን የፈነዳ የቧንቧ ውሃ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማንሆል በማንሆል (ክዳን ያለው የቱቦ መፈተሻ ጉድጓድ ነው) ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ፍሰቱ የጠፋበትን ማንሆል ስታገኙ ምንጩ ከእሱና ካለፋችሁት ማንሆል መካከል ነው።

ወደ መቀነሱ ስንመጣ፣ ኩሬ ቆፍሮ መገላገል የሚሉትን አትቸኩሉ ባይ ነኝ። አሸዋ አንድ ሜትር ለመስመጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ደቃቅ ሸክላ ግን በረጋ ውሃ እንኳ በቀን 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚወርደው። አልጌውን የሚመግበው ፎስፈረስ ደግሞ በብዛት የሚጣበቀው ደቃቁ ላይ ነው። ስለዚህ ኩሬው አሸዋውን ያስቀርላችኋል፣ ከፎስፈረሱ ግን ብዙውን ያሳልፋል። ከኩሬው ቀጥሎ ውሃው ተንጣሎ የሚሰርግበት ሣር የለበሰ መሬት ይኑር። የግንባታ ቦታዎች አፈራቸውን እንዲሸፍኑ አስገድዱ፤ መንገድ መጥረግና የቦይ ጉድጓድ ማጽዳቱም ዝናብ ከመግባቱ በፊት ይለቅ።

አለቆቻችሁ አልጌው በሚቀጥለው ዓመት እንዲጠፋ ይጠብቁ ይሆናል። ቃል አትግቡላቸው። የሐይቁ ወለል ላይ የተከማቸው ፎስፈረስ፣ ከታች ኦክስጅን ሲያልቅ መልሶ ይለቀቃል። መጀመሪያ ለውጥ የሚታየው በቦዮቹ የኪሎ ቁጥር ላይ ነውና ሪፖርታችሁ እሱን ይያዝ።