ከበረራ አስተማሪነት ወደ ሪጅናል አየር መንገድ፦ የጎጃም ልጆች ጠየቁ፣ እኔም መለስኩ

እንደምን ሰነበታችሁ። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ በትንንሽ አውሮፕላኖች በረራ ሳስተምር ቆይቼ አሁን በአንድ ሪጅናል አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ነኝ። ለእረፍት ባሕር ዳር መምጣቴን የሰማ ሁሉ ሲጠይቀኝ፣ "በሉ አንድ ላይ ላኩልኝ" አልኩ። ረጃጅሞቹን ጥያቄዎች አሳጥሬያቸዋለሁ። ስም ትቼ አገሩን ብቻ ጽፌያለሁ።

ከቡሬ፦ ካፒቴን፣ ሪጅናል አየር መንገድ ከትልቁ በምን ይለያል? ባሕር ዳር የሚመጣው አውሮፕላንም የሪጅናል ነው?

መጀመሪያ ካፒቴን አትበሉኝ። ካፒቴኑ ግራ ወንበር ላይ ያለው ነው፤ እኔ የቀኙ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ አሜሪካን፣ ዴልታና ዩናይትድ የሚባሉት ትልልቅ አየር መንገዶች ትኬቱን ይሸጣሉ። ወደ አነስተኛ ከተሞች የሚደረገውን በረራ ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ኩባንያ ይሰጡታል። ስካይዌስት፣ ሪፐብሊክ፣ ኤንቮይ እንደዚህ ዓይነቶቹ ናቸው። አውሮፕላኑ የትልቁን ቀለም ተቀብቶ ስለሚበር ተሳፋሪው ልብ አይለውም። እስከ 76 ወንበር ያለው ኤምብራየር 175፣ ወይም ሲአርጄ የሚባለው ጄት ነው። ባሕር ዳር የሚመጣው ዳሽ 8-400 በመጠን ከእነዚህ ጋር ይቀራረባል። ባለቤቱ ግን ራሱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር አብራሪው ኩባንያ ሳይቀይር እዚያው ቤት ውስጥ ከትንሹ አውሮፕላን ወደ ትልቁ ያድጋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ታዲያ ለምን ማስተማር አስፈለገ? 1,500 ሰዓት የሚባለውስ ከየት መጣ?

አሜሪካ ውስጥ የንግድ አብራሪ ፈቃድ በ250 ሰዓት ገደማ ይገኛል። የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን ግን በመደበኛው መንገድ 1,500 ያስፈልጋል። በመካከል ያለውን ሰዓት ከኪስህ ከፍለህ ልብረር ብትል ቤትህ ይፈርሳል። ማስተማር ሰዓቱን እየሞላህ ደመወዝ ያስገኝልሃል። ሥራ ባለበትና ሰማዩ ጥሩ በሆነበት ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል።

ሕጉ የመጣው በአደጋ ምክንያት ነው። በየካቲት 2001 ዓ.ም. ኮልጋን የሚባል ሪጅናል ድርጅት አውሮፕላን ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ሊያርፍ ሲል ወደቀ። 50 ሰው ሞተ፤ አንዱ ምድር ላይ የነበረ ነው። አውሮፕላኑ ባሕር ዳር በየቀኑ ከምታዩት ጋር አንድ ዓይነት፣ ዳሽ 8-400 ነበር። አውሮፕላኑ ላይ ምንም ችግር አልነበረም። ፍጥነቱ ሲወርድ ማስጠንቀቂያው ተሰማ። ካፒቴኑ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ ማድረግ ሲገባው መሪውን ወደ ራሱ ሳበው። ከሟቾቹ ቤተሰቦች ግፊት በኋላ ኮንግረሱ ሕግ አወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ክረምት ለረዳት አብራሪዎችም ተግባራዊ ሆነ።

የሚያስገርመው ነገር አለ። የዚያ በረራ ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አያድንም የሚሉት ሰዎች ክርክር ባዶ አይደለም። እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ሰዓቱ በር ያስከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ዲግሪ ላለው ሰው 1,000 ሰዓት ይበቃል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ።

ወንድሜ፣ ያ ቅናሽ ለአንተ አይሆንም። 1,000 የሚበቃው የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ከፈቀደለት ኮሌጅ በአቪዬሽን የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ፣ በረራውንም በዚያው ፕሮግራም ለተማረ ነው። የሁለት ዓመት ዲግሪ ከሆነ 1,250፣ ከጦር ኃይል ለመጣ 750። ምህንድስናህ ግን የሞተሩንና የኤሌክትሪኩን ትምህርት ያቀልልሃል፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

ከዳንግላ፦ ጠቅላላ ሰዓት ከሞላ ሌላ የሚታይ ነገር አለ?

አለ እንጂ! ብዙ አስተማሪ 1,500 ሞልቶ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ከጠቅላላው ውስጥ 500 ሰዓት የርቀት በረራ፣ 100 የሌሊት፣ 75 ውጭውን ሳታይ በመሣሪያ ብቻ፣ 50 ደግሞ ባለ ብዙ ሞተር መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ ጀማሪ ተማሪ ይዞ አንድ ማኮብኮቢያ ዙሪያ ሲዞር የዋለ ሰው እነዚህን አያገኝም። በርቀት በረራ የሚቆጠረው ከተነሣህበት በቀጥታ መስመር ከ50 ኖቲካል ማይል (92 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ስትሄድ ነው። በእኛ አገር መሬት ላስረዳህ፦ ከባሕር ዳር ዳንግላ አይቆጠርም፣ ቅርብ ነው። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ይቆጠራል። የሁለት ሞተሩ ሰዓት በጣም ውድ ነው፤ ስለዚህ የሁለት ሞተር አስተማሪነት ፈቃድ ቶሎ አውጣ። የሌሊት ተማሪ ሲገኝም "ደክሞኛል" አትበል።

ከሞጣ፦ ወንድምዬ፣ ሌላውን ሲያስተምር የኖረ ሰው አየር መንገድ ሲገባ ስልጠናው ይቀለዋል አይደል? ሴት መሆኔስ?

እህቴ፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚቀለው ነገር አለ፤ የሚከብደውም አለ። የሚከብደውን ማንም አስቀድሞ አይነግርሽም።

አስተማሪ ዐይኑ ሰው እጅ ላይ ነው የሚውለው። የሚበረው ተማሪው ነው። ስለዚህ ሎግ ቡኩ (የበረራ ሰዓት መዝገቡ) በሰዓት እየሞላ የራሱ እጅ ግን ይዝጋል። በተለይ በመሣሪያ የሚደረገው በረራ። ሕጉ በስድስት ወር ስድስት ጊዜ በመሣሪያ እየተመሩ ወደ ማረፊያ መቅረብና ጥቂት ሌሎች ልምምዶች ይበቃሉ ይላል። ለአየር መንገድ ሲሙሌተር (በረራ ማስመሰያ) ግን አይበቃም። የመሣሪያ በረራ አስተማሪነት ፈቃድ አውጥተሽ እነዚያን ተማሪዎች ብትወስጂ፣ ትርፍ ጊዜሽንም በትምህርት ቤቱ ሲሙሌተር ብታሳልፊ የሚሻል ይመስለኛል።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ሴስና 172 የሚባለው ትንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል በ65 ኖት (በሰዓት 65 ኖቲካል ማይል) ገደማ ይመጣል። ጄቱ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ሲነዳ የኖረ ሰው አይሱዙ ጭነው ዓባይ በረሃን ውረድ ቢሉት እንደማለት ነው። ሐሳብሽ ከአውሮፕላኑ መቅደም አለበት። ለመውረድ በ1,000 ጫማ ሦስት ኖቲካል ማይል ይያዛል። ከአዲስ አበባ በ20,000 ጫማ እየመጣሽ ነው እንበል። ባሕር ዳር ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 6,000 ጫማ ገደማ ነው። የሚቀረው 14 ሺህ ጫማ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሺህ ሦስት ሲታሰብ 42 ኖቲካል ማይል። ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነችው አዴት ላይ ደርሰሽ "እንግዲህ ልውረድ" ካልሽ በጣም ዘግይተሻል።

ሦስተኛው አፍ ነው። አስተማሪ ማብራራት ይወዳል። በጄቱ ውስጥ የሚባሉት ቃላት የተወሰኑ ናቸው፤ በቦታቸው፣ በቅደም ተከተላቸው ብቻ ይባላሉ። አንዱ ይበራል፣ ሌላው ይከታተላል፣ ሬዲዮ ያነጋግራል። እኔን ያስቸገረኝ ግን ከሁሉም በላይ መታየቱ ነው። ለዓመታት አራሚው አንቺ ነበርሽ። አሁን ሌላ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ስህተትሽን ይለቅማል፣ አንዳንዴም ከአንቺ በዕድሜ የሚያንስ። "እኔኮ አስተማሪ ነበርኩ" የምትል ነፍስ ሲሙሌተር ውስጥ ትወድቃለች።

የሚቀለው ደግሞ ይኼ ነው፦ ተማሪ ሊገድልሽ ሲል አስቀድመሽ ማወቅ ለምደሻል። ያ ዐይን የካፒቴኑን በረራ ስትከታተዪ ወርቅ ነው። ፍጥነት ሲወርድ ሳታፍሪ "ፍጥነት" ማለት ትችያለሽ።

ቅደም ተከተሉም ይኸውልሽ። መጀመሪያ ለአየር መንገድ ፈቃድ የሚያዘጋጅ ኮርስ አለ፤ 30 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 10 ሰዓት ሲሙሌተር። ብዙውን ጊዜ ቀጣሪው ይከፍለዋል። ከዚያ የድርጅቱ ደንብ፣ የአውሮፕላኑ ሥርዓቶች፣ ሲሙሌተር፣ ፈተና። በመጨረሻ ተሳፋሪ ጭነሽ፣ ልዩ ሥልጣን ካለው ካፒቴን ጋር ትበሪያለሽ። እግረ መንገዴን፣ ሴት መሆንን ስለጠየቅሽኝ፦ አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው በዚሁ በዳሽ 8-400 ላይ ነው።

ከእንጅባራ፦ አንድ የበረራ ፈተና ወድቄያለሁ። ባልናገረውስ?

ይታወቃል። የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን የአብራሪዎች መዝገብ አለው፤ ቀጣሪው ሳያየው አይቀጥርም። አንድ መውደቅ ሥራ አያስከለክልም። መደበቅ ግን ያስከለክላል። ምን እንደወደቅህ፣ ምን እንዳረምክ በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገርና ዝም በል። በተማሪው ማመካኘትም ሆነ ፈታኙን መውቀስ አያምርም። ሎግ ቡክ ላይ ያልበረሩትን ሰዓት መጨመርም ያው ነው፤ እንዲያውም የከፋ።

ከደጀን፦ ጋሼ፣ እውነቱን ንገረን፣ ደመወዙ እንዴት ነው?

ድሮ የሚያሳፍር ነበር። በ2014 ዓ.ም. አብራሪ ሲጠፋ በአሜሪካን አየር መንገድ ሥር ያሉት ሦስቱ ሪጅናሎች የአዲስ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር አደረሱት። ሌሎቹም ተከተሉ። ግን በሰዓት ሲባል እንዳትሳሳት። የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ለመነሣት ከተንቀሳቀሰበት እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። ተርሚናል ውስጥ የምትጠብቀው ጊዜ አይቆጠርም። በወር ዋስትና ያለው ብዙ ቦታ 75 ሰዓት አካባቢ ነው።

ኑሮውን የሚወስነው ተራ ቁጥርህ ነው። ቀድሞ የተቀጠረ በዓሉን፣ ቤዙን (የሚነሣበትን ከተማ)፣ ቅዳሜና እሑዱን ይመርጣል። አዲሱ ተጠባባቂ ሆኖ ስልክ ይጠብቃል። የእኛን ፋሲካና ጥምቀት እርሳው፤ ቀጣሪዎቹ ጭራሽ አያውቋቸውም። እረፍቱ ግን በሕግ የተጠበቀ ነው፦ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ ስምንቱ ለእንቅልፍ። ይኼኛውም ከኮልጋን አደጋ በኋላ የጠበቀ ነው።

ከቢቸና፣ አባት፦ ልጄ ፓይለት እሆናለሁ ብሎኛል። ከብቱን ሸጬ፣ ብድርም ጨምሬ ልላከው?

አባቴ፣ አሁን አይሽጡ። መጀመሪያ የአብራሪ የጤና ምርመራ ያድርግ። ወጪው ከስልጠናው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ካላለፈ ከብቱ ተረፈ። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ያለውን የአየር መንገዱን ማሠልጠኛ ይሞክር። እዚያ ካለፈ በማስተማር 1,500 ሰዓት መሙላት አይጠበቅበትም፤ ሰልጥኖ በቀጥታ ቀኝ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

አሜሪካ ልላከው ካሉ ደግሞ ገበያው እንደሚዋዥቅ ይወቁት። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ቅጥሩ ቆመ። በ2014 እና በ2015 አብራሪ እየለመኑ ወሰዱ። በ2016 እንደገና ቀዘቀዘ፤ 1,500 ሞልተው ተራ የጠበቁ አስተማሪዎች ነበሩ። ዕዳ ግን ተራ አይጠብቅም። ልጅዎን ተስፋ አያስቆርጡት፤ ብድሩን ብቻ ያቆዩት።

ከባሕር ዳር፦ በተማሪ ቪዛ ሄጄ አስተምሬ አየር መንገድ መግባት እችላለሁ?

የተማሪ ቪዛ እንደልብ አያሠራም፤ የሚፈቅደው የተወሰነ ወር ብቻ ነው። ሪጅናሎቹ የሚፈልጉት አሜሪካ ውስጥ በቋሚነት የመሥራት መብት ያለውን ነው፤ በብዛት ግሪን ካርድ ማለት ነው። የአብራሪ ፈቃድና የሥራ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። "ስልጠናውን ጨርስ፣ ሥራው ዝግጁ ነው" የሚል ደላላ ካገኛችሁ ሸሽታችሁ ውጡ። የውጭ ዜጋ ስልጠና ከመጀመሩ በፊትም የአሜሪካ መንግሥት የደኅንነት ማጣሪያ ያደርግበታል።

ከአማኑኤል፦ መነጽር አደርጋለሁ።

በመነጽር ዐይንህ በትክክል ካየ ችግር የለም። የአንደኛ ደረጃ ጤና ምስክር ወረቀት ዕድሜህ ከ40 በታች ከሆነ በዓመት፣ ከዚያ በላይ በስድስት ወር ይታደሳል። በአሜሪካ አየር መንገዶች መብረር የሚቻለው እስከ 65 ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ የአገሬ ልጅ፣ እዚህ አገር የበረርኩት ሰዓት እዚያ ይቆጠርልኛል?

ይቆጠራል፣ ሎግ ቡክህ በሥርዓት ከተሞላ። ፈቃዱ ግን በቀጥታ አይዛወርም። በኢትዮጵያ ፈቃድህ ላይ ተመሥርቶ የግል አብራሪ ፈቃድ ይሰጡሃል፤ ለንግድ ፈቃዱ ጽሑፉንም በረራውንም እንደገና ትፈተናለህ። የድሮ ገጾችህን ከመሄድህ በፊት አንድ በአንድ ፎቶ አንሣቸው። ማኅተም የጎደለበት ካለ እዚሁ እያለህ አስመታ፤ ከባሕር ማዶ ሆኖ ማኅተም ማሳደድ ያደክማል።